ካፒቴኑ ከሜዳ ሲወጣ

ጥቅምት 25 ቀን 2015፣ ዓርብ

አንዱዓለም ዛሬም ጎል አላገባም። ባለቤቴ ተውፊቅ ግን አገባ። የሠፈራችን የጀብራ ሰው «ካብተን፣ ካብተን» እያለ በራችን ላይ ቆሞ አመሸ። በሠላሳ አምስት ዓመቱ፣ ጉልበቱን በየማታው በቅባት እያሸሁለት፣ ስሙ እንደገና ሲጠራ መስማት ደስ ይላል። አልዋሽም፣ ኮርቻለሁ።

ልጁ አንዱዓለም ግን አሳዘነኝ። ከኮምቦልቻ የተውፊቅ ክለብ ነው አጥቂ ብሎ ያስመጣው። ዓረብኛ አያውቅም። እኔም የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ካርቱም አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ እናም ሳልጠየቅ የክለቡ አስተርጓሚ ሆኜ አረፍኩት። ልምምድ ላይ ተውፊቅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ አሠልጣኙ ይጮኻል፤ እኔ ማድ ቤቴ ውስጥ ሽንኩርት እያቁላላሁ «ወደ ኋላ አትመለስ፣ ግቡ ፊት ቁም ይልሃል» እላለሁ። «እሺ፣ እትዬ ሀኒፋ» ይላል። ተጫዋቾቹ ይስቃሉ።

ማታ የክለቡ ጸሐፊ ኡስታዝ ሙሄዲን ደወለ። ቁጣም የለው፣ ሰላምታውም አጠረ። «ሀኒፋ፣ ይሄ ልጅ በአገራችሁ በየሁለት ጨዋታው አንድ ያገባ ነበር ተብሎ ነው የመጣው። እኛ ዘንድ በስምንት ጨዋታ አንድ ብቻ። ወረቀቱ እውነት ነው ወይስ ደላላው አታሎናል?» እኔ ምን አውቃለሁ። «እስቲ አገርሽ ደውለሽ አጣሪልን» አለ። በጥር ተስጂላት ይከፈታል፤ ክለቦች ተጫዋች የሚያስመዘግቡበትና የሚያሰናብቱበት ጊዜ ነው። እስከዚያ ካልተሻሻለ ያሰናብቱታል። ከተሰናበተ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ ያበቃል። በኮምቦልቻ ቡድኑ ደግሞ ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል።

አንድ እግር፣ አንድ ሰው። እዚያ ያገባል፣ እዚህ አያገባም። ለምን? ጥያቄ ከያዘኝ እንደ ጥርስ ሕመም ነው፣ ስተኛ ይብስብኛል።

ጥቅምት 27

ኮምቦልቻ የአንዱዓለም አሠልጣኝ የነበሩትን ጋሽ ጸጋዬን በስልክ አገኘኋቸው። ድምፃቸው የገበያ ሰው ድምፅ ነው፣ ከስልኩ አልፎ ጎረቤት ይሰማል። ወረቀቱ እውነት ነው አሉ። እንዲያውም ሁለት ጎል ጎድሎበታል፣ ዳኛው በስህተት ለሌላ ጽፎበት።

«ግን እህቴ፣ በጨዋታ ብዛት አትለኪው» አሉኝ። «ሃያ ደቂቃ የተጫወተም አንድ ጨዋታ ይባላል፣ ዘጠናውን የጨረሰም አንድ ጨዋታ ይባላል። በደቂቃ ለኪው። ከዚያ ደግሞ ቡድኑን እዪ። ስንት ኳስ ያደርሱለታል? አጠገቡ ማን አለ? አጥቂን ከቡድኑ ነጥሎ መለካት ድስቱን ሳያዩ ወጥ ማማት ነው።»

እንዴት ደስ አለኝ። አሥረኛ ክፍል ላይ ሒሳብ ከሴት አንደኛ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ካርቱም፣ ቡሪ ሠፈር፣ ሰው ቤት የሰው ልብስ ስተኩስ ማን ስለ ሒሳብ ጠየቀኝ?

ኅዳር 1

ችኮላ። መንገድ ተዘግቷል፣ ሰልፍ ነው፣ ድልድዩም ዝግ። ተውፊቅ ከልምምድ በእግሩ ነው የመጣው። ጉልበቱ አብጧል። አንዱዓለም ቦርሳውን ተሸክሞለት መጣ። ውኃ የለም። በኋላ እጽፋለሁ።

ኅዳር 3

ትናንትም አንዱዓለም አላገባም። ተውፊቅ ሁለት።

ዛሬ መብራት ስለነበረ የክለቦቹን የፌስቡክ ገጽ ሁሉ በረበርኩት። ከቡድን ቡድን የተዛወሩ አጥቂዎችን ለየሁና እያንዳንዳቸው በቀድሞ ቡድናቸውና በአሁኑ በሙሉ ዘጠና ደቂቃ ስንት እንደሚያገቡ አሰላሁ። ፖርት ሱዳን ግብ ያዘንብ የነበረ አንድ ናይጄሪያዊ ኦምዱርማን መጥቶ ደርቋል። ኦምዱርማን ወንበር ሲያሞቅ የነበረ አንድ የአገሬው ልጅ ደግሞ ወደ ትንሽ ክለብ ወርዶ ሳያገባ ሳምንት አያልፈውም። የሚገርመው የሁለቱም ጎል መጀመሪያ ላይ ቀንሶ ነበር። አዲስ ሰው አዲስ ቤት ገብቶ የስኳሩን ዕቃ እስኪያገኝ ጊዜ ይፈልጋል፤ እኔም ቡሪ ስገባ እንደዚያ ነበርኩ። ይህንን ለኡስታዝ ሙሄዲን እነግረዋለሁ።

ሁለተኛው ነገር፣ ጠንካራ ቡድን ውስጥ ሰነፍ አጥቂም ያገባል። የኛ ቡድን ደካማ አይደለም። በዚህ ዓመት ብዙ ካገቡት ሁለተኛ ነን። እንግዲያው ኳስ አለ። ለአንዱዓለም ብቻ ነው የማይደርሰው።

ከአጥቂዎቹ ሁሉ በደቂቃ ሲለካ አንደኛው ተውፊቅ ሆኖ ተገኘ። አምና ዓመቱን ሙሉ አራት ብቻ ነበር ያገባው። የእሱን ግን አልበረበርኩም። ባሌን ምን ልበርብረው?

ኅዳር 10

ትናንት አንዱዓለም አገባ። ተውፊቅ ጉልበቱን ይዞ ከወጣ በኋላ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል። ወዲያው ለአሠልጣኙ ምስጋና ሲያቀርብ በስልክ ተረጎምኩለት። ሲያገባ ግን ብዙም አልጨፈረም፤ ወደ ተጠባባቂው ወንበር ሮጦ የተውፊቅን እጅ ሊስም ጎንበስ አለ አሉ። ክለቡ ውስጥ ሁሉም ተውፊቅን «ጋሼ» ነው የሚሉት አሁን፤ አንዱዓለም ሜዳ ላይ ሲጠራው ሰምተው የቅጽል ስም መስሏቸዋል። ግብ ጠባቂው ሳይቀር «ጋሼ፣ ውጣ» እያለ ይጮኽበታል። ተውፊቅ ይወደዋል።

ኡስታዝ ሙሄዲን ስለ ቡድን ለውጥ የነገርኩትን በትዕግሥት ሰማኝና «ኢንሻአላህ» አለ። እኔ የማውቀው የእሱ «ኢንሻአላህ» አይሆንም ማለት እንደሆነ ነው። «ጥሩ ልጅ ነው፣ ጥሩ ጥሩ ኳስ ያቀብላል» ብዬ ብነግረውም «አቀባይ ሞልቶናል፣ ያስመጣነው አጥቂ ነው» አለ።

ኅዳር 16

ትናንት የአንዱዓለም ጾም ገባ። ለእኛ ማዕድ ምንም የሚለወጥ ነገር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱዓለም ከመጣ ወዲህ ማታ የሚበላው እኛ ቤት ነው፤ ክርስቲያን ነው፣ የእኛን ሥጋ አይበላም። አገራችን ይህ ማንንም አያስቀይምም፤ እንግዳው ለብቻው ይቀርብለታል፣ አለቀ። ተውፊቅ ግን የሱዳን ሰው ነው፣ አንድ ትሪ ላይ ሳይቀመጡ መብላት ለእሱ ስድብ ነው። የመጀመሪያው ማታ ልጁ ሥጋውን ሲሸሽ አየና «ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ ሥጋ አትሥሪ» አለኝ። ተውፊቅ! ሥጋ ያልበላ ቀን ራሱን የሚያመው ሰው። ይኸው በየማታው ፉል፣ ምስር፣ ባሚያ። አንድ ቀን አላማረረም።

አንዱዓለም ይህን ያውቃል። መጀመሪያ አካባቢ ሳህን ሳጥብ ረድቶኝ «እትዬ ሀኒፋ፣ አባቴ እንኳ ለእኔ ብለው ምግብ አልተዉም» ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተውፊቅ ካልቆረሰ አይቆርስም። ተውፊቅ ካልጠጣ አይጠጣም። ጨዋ ልጅ ነው፣ እናቱ አሳድጋዋለች።

ከበላን በኋላ ተውፊቅ ያንቀላፋል፣ እኛ ስለ ኮምቦልቻ እናወራለን። ቦርከና ሞላ፣ እገሌ ሞተ፣ እገሊት ወለደች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የታጠፈ ልሳኔን ዘረጋሁት። ይህ ግን ከኳሱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ እንዲያው ነው የጻፍኩት።

ኅዳር 23፣ ዓርብ

ከሶባ ሜዳ በሐፍላ፣ በሚኒባስ፣ ተጨናንቀን ስንመለስ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስለ ጨዋታው ያወራሉ። ሚኒባሱ ቆሞ ቆሞ ነው የሚሄደው፣ ሁሉንም ሰማሁ።

አንደኛው «ሐበሺው ግቡ ባዶ ሆኖለት እኮ ለካብተኑ ሰጠ» አለ።

«ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ዘመዱ ነው እንዴ?»

«ምን ዘመድ፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ቀይ።»

ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ፣ ቤት እስክደርስ ግን ፈገግታዬ ጠፋ።

ኅዳር 25

የሁሉንም ጨዋታ ቪዲዮ አየሁ። ያልበረበርኩትን በረበርኩ።

ሰው ሁሉ የሚያየው ኳስ መረብ ሲነካ ነው። እኔ ከዚያ በፊት ያለውን አየሁ። አንዱዓለም ኳስ ይዞ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ግብ ጠባቂው ብቻ ነው ያለው። ቀና ይላል። ተውፊቅን ይፈልጋል። ያቀብላል። ተውፊቅ እጁን እንኳ አያነሳም፣ አይጠራውም። ኳሱ ራሱ ይመጣለታል።

የአንዱዓለም ሁለቱም ግቦች የገቡት ተውፊቅ ተቀይሮ ከወጣ በኋላ ነው። ጉልበቱን ፈርተው ሰባኛው ደቂቃ ላይ ያስወጡታል። መጀመሪያ ሌላ ምክንያት ፈለግኩለት፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ተከላካይ ይደክመዋል፣ ሁሉም አጥቂ የሚያገባው ያን ጊዜ ይሆናል አልኩ። የሌሎቹን አየሁ። ትንሽ ይጨምራሉ እንጂ እንደዚህ አይደለም። ከተውፊቅ ጋር የተጫወተባቸውን ደቂቃዎች ለብቻ፣ ያለ ተውፊቅ የተጫወተባቸውን ለብቻ ደመርኩ። ከተውፊቅ ጋር ባዶ ነው። ያለ ተውፊቅ ከኮምቦልቻውም ይበልጣል። ደቂቃው ጥቂት ስለሆነ ሊያሳስት እንደሚችል አውቃለሁ። ግን ባዶው ጥቂት አይደለም።

ሁለት ቡድን ሳወዳድር የከረምኩት ለካ እዚሁ አንድ ቡድን ውስጥ ሁለት ቡድን ኖሯል።

ሲገባኝ መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ እንቆቅልሽ እንደፈታ ሰው። ደስታው ሻይ እስኪፈላ አልቆየም።

ኅዳር 27

አንዱዓለምን ጠየቅኩት። ተውፊቅ መስጊድ ነበር።

«ለምን አትመታም?»

አንገቱን ደፋ። «ከሰው ማዕድ እየበላሁ የሰውን ጎል ልቀማ፣ እትዬ?»

«ጋሼህ ስጠኝ ብሎሃል?»

«ኧረ በፍጹም። አንድ ቀን አላሉኝም። እኔው ነኝ። ኳሱን ይዤ ሳያቸው እግሬ እንቢ ይለኛል።» ከዚያ በልመና ዓይን አየኝና «እንዳትነግሪያቸው» አለኝ።

ምን ልበለው? ልምከረው ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ «ምስር ልጨምርልህ?» የሚል ወጣ።

ታኅሣሥ 4

ኡስታዝ ሙሄዲን ዛሬ ግልጹን ነገረኝ። ክለቡ ከሁለቱ አጥቂዎች የአንዱን ውል ብቻ ነው የሚያድሰው። «ካብተኑ ይሆናል፣ አትስጊ» አለኝ፣ ምሥራች እንደሚያበስር ሰው። አመሰገንኩት። አመሰገንኩት!

የተውፊቅ ውል ካልታደሰ ሌላ ክለብ በዚያ ጉልበቱ አይወስደውም። አለቀ ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ ምንም አላየሁም። ማጣራት የተላክሁት የኮምቦልቻውን ነው፣ እሱን አጣርቻለሁ።

ታኅሣሥ 12

ማዕዱን ባቋርጥስ ብዬ አሰብኩ። «አንዱዓለም፣ ከነገ ጀምሮ ለብቻህ ብላ» ብለው ያኮርፋል፣ ያኮረፈ ሰው ይመታል። ሦስት ቀን አስቤ ሦስት ቀን ባሚያ ሠራሁ። እንግዳን ና እንጂ ሂድ የሚል አፍ አልተሰጠኝም። ቢሰጠኝስ፣ ማታውን ከማን ጋር ላወራው ነው?

ታኅሣሥ 15

ትናንት ተውፊቅ ኳሱ መጥቶለት ሳተ። ሌላ ጊዜ ሲስት ሣር ይነቅላል፣ ይሳደባል። ትናንት ሄዶ አንዱዓለምን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

ዛሬ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጉልበቱን እያሸሁለት ነገርኩት። ቪዲዮውን፣ ደቂቃውን፣ ሁሉንም።

አልደነገጠም። «አውቃለሁ» አለኝ። «ከሁለተኛው ጨዋታ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«መጀመሪያ ያበላሁት ለእንግዳ ብዬ ነው፣ ወላሂ ሀኒፋ። አላህ ያውቃል። ከዚያ ኳሱ መምጣት ጀመረ።» ጉልበቱን ከእጄ ሳብ አደረገ። «ስንት ዓመት ማንም ስሜን አልጠራም። ገበያ ስገባ ሰው አያውቀኝም ነበር። ይህችን ወቅት ብቻ ተዪልኝ። ከረመዳን በኋላ አቆማለሁ፣ ታዳጊዎቹን አሠለጥናለሁ።»

«ልጁ እስከ ረመዳን አይቆይም እኮ።»

ሻይ ቀዳሁለት። ሰውየውን እወደዋለሁ፣ ችግሩ ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ጥር 2፣ ማክሰኞ

ከስብሰባው መጥቼ ነው የምጽፈው። እንደሆነው ልጻፈው።

በስልክ አይሆንም ብለው ቢሮ አስጠሩኝ። ኡስታዝ ሙሄዲን፣ አሠልጣኙ፣ ሦስት የኮሚቴ ሰዎች። ተውፊቅ እንደ ካፒቴንነቱ በአንድ ጥግ፣ አንዱዓለም ከእኔ ጎን። ኡስታዝ ሙሄዲን «ወረቀትህ እውነት እንደሆነ አጣርተናል። እኛ ዘንድ ለምንድን ነው የማታገባው?» ብሎ ጠየቀ። ተረጎምኩለት።

አንዱዓለም ወለሉን እያየ «አቅሜ ይኸው ነው በይልኝ» አለኝ። «ጊዜ ሰጥተው ስላዩኝ አመሰግናለሁ በይልኝ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩ። አንዲት ቃል አልጎደለችም። ዓረብኛን እንደ ዛሬ አሳምሬ የተናገርኩበት ቀን የለም። ተውፊቅን አየሁት፣ የገዛ ጫማውን ያያል። ኡስታዝ ሙሄዲን «ኻላስ፣ አላህ ይርዳህ» ብሎ ተነሳ። አለቀ። ዝም ብል ባሌ ይጫወታል፣ ማንም እኔን አይወቅስም። አስተርጓሚ የራሱ አፍ የለውም።

«ኡስታዝ» አልኩ፣ «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ካብተኑ ከሜዳ ሲወጣ ልጁ ለምን ያገባል?»

አሠልጣኙ ፈጥኖ ዞረ። ገባው መሰለኝ፣ አንድ ነገር ሊል ሲል ተውፊቅ ከወንበሩ ተነሳ።

«ቤቴ ስለሚበላ ነው» አለ። «ኳሷን ለእኔ የሚሰጠኝ አፍሮ ነው። እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ። የእኔ ግቦች ግማሾቹ የእሱ ናቸው።» ይህን ብሎ ተቀመጠ።

አንዱዓለም ምንም አልገባውም። እጅጌዬን ጎተተኝ። «ጋሼ ምን አሉ? እትዬ፣ ምን አሉ?» አለኝ። ልተረጉምለት አልቻልኩም። ለቅሶዬ ቀደመኝ።

ጥር 4

የአንዱዓለም ውል ታደሰ። የተውፊቅ አልታደሰም። የታዳጊዎቹን ነገር ከረመዳን በኋላ እናያለን አሉት።

ተውፊቅ «ሻይ»፣ «ፎጣ»፣ «ደህና እደሪ» ይለኛል። ሌላ የለም። አንዱዓለም ከስብሰባው ወዲህ አልመጣም። ትሪው ሰፋብን። ቤት ውስጥ አማርኛ የሚያወራ እኔ ብቻ ነኝ፣ ከድስቱ ጋር።

ተውፊቅን ልጠይቀው ይገባ ነበር፤ ቢሮ ውስጥ ሰው ፊት ሳይሆን እዚሁ ቤቴ «ልናገር ነው» ልለው ይገባ ነበር። ግን ከቤት ስወጣ ለመናገር አልነበረም የወጣሁት። እውነቴን ነው። ጥያቄው ራሱ ነው የወጣው።

ጥር 19፣ ዓርብ

ከዙህር ሶላት በኋላ ተውፊቅ «ያላ፣ ልበሺ» አለኝ። የት ብዬ አልጠየቅኩም። ሶባ ሜዳ ወሰደኝ። ትኬት ቆርጠን እንደ ማንም ሰው ተመልካች መሐል ተቀመጥን። ጥቂት ሰዎች አወቁት፣ ተነስተው ሰላም አሉት። ካብተን ያለው ግን አልነበረም።

አንዱዓለም መጀመሪያ ኳስ ሲደርሰው እንደ ልማዱ ቀና ብሎ ፈለገ። የሚፈልገው ሰው የለም። ቀሙት። ሰው አፏጨበት። ሁለተኛውን መታ፣ ከአግዳሚው በላይ ሄደ። ሦስተኛውን ግብ ጠባቂው ያዘበት። ከእረፍት በኋላ ጎኑ ነፃ ሰው ቆሞ እየጠራው አሁንም መታ፣ የጎን መረቡን ነካ።

ከፊታችን ያለው ሰው «ለዚህ ብለው ነው ካብተኑን ያባረሩት?» አለ።

ተውፊቅ ጎንበስ ብሎ «ወንድሜ፣ ዝም ብለህ እየው» አለው። «ዛሬ ነው አጥቂ የሆነው።»

ሻሼን ወደ ዓይኔ ሳብኩ። ፊቱን ሳላይ «ተቀይመኸኛል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አዎ።»

«አሁንም?»

«አሁንም» አለኝ። ዓይኑን ከሜዳው አልነቀለም። አንዱዓለም ከተከላካዩ እግር ሥር ኳስ ነጥቆ መታ፣ ቋሚውን መትቶ ተመለሰ፣ ሜዳው ሁሉ እህ አለ። ተውፊቅ ክንዴን ያዘኝ፣ ሳያስበው ይመስለኛል፤ አልለቀቀኝምም። «ስንተኛ ምቱ ነው?» አለኝ።

«አራተኛው።»

«በርቺ፣ ቁጠሪ» አለኝ።